የቅርቡ መስታወት

ዘበኛው ከፊት፣ መነጽር ሠሪው ከኋላ ሆነው ዳገቱን ሲያጋምሱት መነጽር ሠሪው ድንገት ከመንገዱ ወጣና ወደ ሥጋ ሻጩ ደጃፍ ታጠፈ። ዘበኛው ዘወር ብሎ የጦሩን ዘንግ ደረቱ ላይ ጋረደበት።

«ወዴት ነው?»

«የበሬ ዐይን ልወስድ።»

«የምን ዐይን?»

«የበሬ። ዛሬ ጠዋት የታረደ ከሆነ ሁለት ይበቃኛል።»

ዘበኛው ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ አየው። ከግቢው ሲላክ የተነገረው «መነጽር ሠሪውን ከቀረው ዐይን ጋር ይዘህ ና» ተብሎ ነው፤ ዐይኑ የበሬ ነው ያለው ሰው አልነበረም።

«እህትህ የሰው ዐይን ታጠፋለች፣ አንተ በበሬ ትተካለህ» አለ። «ነገ ጌታችን ሣር አማረኝ ቢሉ የምጠየቀው እኔ ነኝ እንግዲህ።»

በሌላ ቀን ቢሆን መነጽር ሠሪው ራሱ ቀልዱን ይቀጥለው ነበር፤ ነገር የሚያመልጠው ሰው አይደለም። ዛሬ ግን ለቀልድ ጊዜ የለውም። ሁለቱን ዐይኖች በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በእንጨት ሳጥኑ ውስጥ ከመስታወቶቹ ጎን አስቀመጠና ዳገቱን ተያያዘው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአገረ ገዥውን ሁለት ዐይኖች ሞራ ከጋረዳቸው ሦስት ዓመት አልፏል። የመነጽር ሠሪው ታላቅ እህት፣ ከተማው «ባለ መርፌዋ» የሚላት፣ ከስምንት ቀን በፊት ተጠርታ የቀኝ ዐይናቸውን ሞራ በመርፌ ገፋችው። በእሷ ሙያ ሞራ አይወጣም፤ ከብርሃኑ መንገድ ላይ ተገፍቶ ወደ ዐይን ግርጌ ይተኛል። ዐይኑ ታሰረ፣ ሰነበተ፣ ዛሬ ጠዋት ተፈታ። አገረ ገዥው ብርሃን አዩ፤ ቀይን ከነጭ ለዩ። የሰው ፊት ግን አልለዩም፤ ሁሉ ነገር በእንባ ውስጥ እንደሚታይ ሆነባቸው። «አታለለችኝ» አሉ። እሷም እንደ ልማዷ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፣ «የእኔ ሥራ አልቋል ጌታዬ፤ የቀረው የዐይንዎ ክፍል ወንድሜ ዘንድ ነው» አለች።

ሴትዮዋ መናገር አታውቅም፤ መሥራት ነው የምታውቀው። እንዲህ ያለውን ቃል በጎረቤት ፊት እንኳ ቢናገሩት ያስወራል፤ በገዥ ፊት ሲነገርማ ጥንቆላ ሆኖ ቁጭ አለ። ተይዛ የኮርቻና የልጓም ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ተቆለፈባት። የማታው ከበሮ ሳይመታ ወንድሟ ደርሶ ቃሏን እውነት ካላደረገ መርፌ የምትይዝበት ቀኝ እጇ ይቆረጣል። ዘበኛው ይህን የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት መታጠቂያው ውስጥ ሻጥ አድርጓል።

መነጽር ሠሪው ያቺን እጅ ያውቃታል። እናታቸው ስትሞት እሱ የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያጎረሰችው፣ ያጠበችው፣ ዓመሉ ሲብስባትም በጥፊ ያለችው ያቺው እጅ ናት። እየሮጠ ሳለ ከበሮውን የሰማ እየመሰለው ሁለት ጊዜ ቆም ብሎ አዳመጠ።

ከግቢው በር በላይ ያለው መስቀያ ግንድ ሦስት ዓመት ሙሉ ገመድ አልነካውም፤ እርግቦች ሰፍረውበታል። ሰዉ ታዲያ «ዐይናቸው ሲጠፋ ልባቸው በራ» እያለ ጌታውን ያመሰግናል። ከዚያ በፊት የነበረውን ዘመን ማንም አያነሳም፤ ክፉ ቀን ሲያልፍ ቶሎ ይረሳል። የሚረገመው የጌታው ጸሐፊ ባለ ማኅተሙ ነው። ግብር በዛ፣ ባለ ማኅተሙ ነው። የድንጋይ ግዳጅ መጣ፣ ባለ ማኅተሙ ነው። የመንገዱ ጭቃ እንኳ የእሱ ሥራ ነው። ለማያይ ሰው የሚያነብለት እሱ፣ የሚጽፍለት እሱ፣ የሚያትምለት እሱ፤ በመሐሉ ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል? «ጌታውማ ደግ ነበሩ፣ ያ ሰውዬ ነው እንጂ» ይባላል፤ መነጽር ሠሪውም ሞረድ በያዘ ቁጥር ደንበኛውን ተቀብሎ እንዲሁ ሲል ኖሯል።

እና ዘበኛው ወስዶ ያስገባው እዚያው ሰውዬ ዘንድ ነው።

ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ ከአዳራሹ ጋር በአንድ በር ይገናኛል። ጠረጴዛው ላይ ወረቀትና የቀለጠ ሰም፣ በግድግዳው ዙሪያ እስከ ጣሪያ የተደረደረ የትእዛዝ ግልባጭ። ባለ ማኅተሙ ቀጭን፣ አውራ ጣቱ በቀለም የጠቆረ ሰው ነው፤ ማኅተሙ በጠፍር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ተቀመጥ አላለውም።

«እህትህ ‹የቀረው የዐይን ክፍል› ያለችው ምንድን ነው? ጥንቆላ ከሆነ ከዚህች በር አታልፍም።»

«ጥንቆላ አይደለም ጌታዬ። ካላዩት ግን አያምኑኝም። መስኮቱን ልዝጋው?»

የመስኮቱ መዝጊያ ሳንቃ ላይ ጉጥ የወለቀበት አንድ ቀዳዳ ነበር። መነጽር ሠሪው አንደኛውን የበሬ ዐይን አውጥቶ የጀርባውን ነጭ ቆዳ በምላጭ ፋቀው፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እስኪሳሳ ድረስ ፋቀው። ከዚያ መዝጊያውን ዘጋና ዐይኑን ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ቀዳዳው ላይ ደቀነው። ክፍሉ ጨለመ። በተፋቀው ስስ ቆዳ ላይ ግቢው መጣ፤ የተለሰነው ግንብ፣ በሩ፣ ጦሩን ተደግፎ የቆመው ዘበኛ፣ ሁሉም ከአውራ ጣት ጥፍር ሳይበልጡ።

ባለ ማኅተሙ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ።

«ዘበኛው ተዘቅዝቋል» አለ።

«ለሁላችንም ተዘቅዝቆ ነው የሚገባው። የሚያቃናው ልባችን ነው።»

«ብርሃኑስ እንዴት ነው ሳይበታተን እዚህ የሚደርሰው?»

ሰው ስለ ሙያው ሲጠየቅ ፍርሃቱን ይረሳል። መነጽር ሠሪውም ረሳ፤ ያስጨነቀውን ከበሮ ሳይቀር ረሳ።

«ከዘበኛው አፍንጫ ጫፍ የሚነሳው ብርሃን በየአቅጣጫው ይበተናል ጌታዬ። ዐይን የተበተነውን ይሰበስባል። መጀመሪያ ይህ የፊቱ ጥርት ያለና ጎበጥ ያለ ቆዳ ያጥፈዋል፤ ትልቁን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ቀጥሎ ጥቁሩ ቀዳዳ አለ፤ ብርሃን ሲበዛ ይጠባል፣ ሲያንስ ይሰፋል። ከቀዳዳው ኋላ ደግሞ የምስር ቅርጽ ያላት የጠራች ፍሬ አለች። የቀረውን የምታስተካክለው እሷ ናት። ከአፍንጫው ጫፍ የተነሳው ሁሉ በስተጀርባ ባለው ስስ ቆዳ ላይ፣ አንዲት ነጥብ ላይ ይገናኛል። ያኔ ነው አየሁ የምንለው። ሞራ የምንለው ያቺ ፍሬ ስትደፈርስ ነው። እህቴ ገፍታ ያስተኛችውም እሷን ነው።»

ረጅም መርፌ አወጣና ከበሬው ዐይን ጎን አስገብቶ በጥንቃቄ ገፋ። ወዲያው ግንቡ ከበሩ፣ በሩ ከዘበኛው ተቀላቀለ።

«ጌታው አሁን የሚያዩት ይህን ነው። ብርሃኑ ይገባል፤ መገናኛው ግን ከዐይኑ ጀርባ አልፎ ሄዷል። ፍሬዋ ስትሠራው የነበረውን ሥራ የሚሠራላት ያስፈልጋል።» ከሳጥኑ በመዳብ ቀለበት የታሰረ መሐሉ ወፍራም መስታወት አንስቶ በቀዳዳውና በዐይኑ መሐል አስገባ። ዘበኛው ተመልሶ መጣ፤ እንደ መጀመሪያው ባይጠራም ጦሩ ጦር ሆነ።

ባለ ማኅተሙ ቀና አለ። ፊቱ በጨለማው አልታየም።

«ዘበኛው ሩቅ ነው» አለ። «በእጅ የተያዘ ወረቀትስ? በዚሁ መስታወት ይነበባል?»

ይህን ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ መነጽር ሠሪው እንደ ልጅ ደስ አለው።

«አይነበብም ጌታዬ። ጤነኛዋ ፍሬ ሕይወት ያላት ናት፤ ሩቅ ሲያዩ ትሳሳለች፣ ቅርብ ሲያዩ ትወፍራለች። እኛ አናውቃትም እንጂ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ናት። መስታወት ግን አንዴ ከተሞረደ አይወፍር፣ አይሳሳ። ስለዚህ ሞራው ለተገፋለት ሰው ሁልጊዜ ሁለት ነው የምሠራው፤ አንዱ የሩቁ፣ አንዱ የቅርቡ። የቅርቡን ያላገኘ ሰው ፊት ይለያል እንጂ ፊደል አይለይም።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ባለ ማኅተሙ ወደ አዳራሹ በር ሄዶ ጆሮውን አስጠጋ፤ ተመለሰና መነጽር ሠሪው ፊት ቆመ። መስኮቱን ክፈት አላለውም።

«የቅርቡን ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«አትሰጣቸውም።»

መነጽር ሠሪው የሰማውን ማመን አቃተው።

«የሩቁን ትሰጣቸዋለህ» አለ ባለ ማኅተሙ በሹክሹክታ። «ስለ ንባብ ሲጠይቁህ ለዚያ የሚሆን መስታወት የለም ትላለህ። እንዲህ ካልክ እህትህ ሁለት እጇን ይዛ ትወጣለች።»

«ለምን ጌታዬ?»

«ለምን አትበለኝ። ባይነበብ ለሁሉም የሚበጅ ነገር አለ። ለእህትህ ስትል ስማኝ።»

በቀዳዳው በሚገባው ጭላንጭል እጁ አንገቱ ላይ ያለውን ማኅተም ጨብጦ፣ ራሱም ወደ አዳራሹ በር ዞሮ ይታያል። መነጽር ሠሪው ይህን አየና ነገሩ ሁሉ የገባው መሰለው። ሌባ ሲፈራ እንዲህ ነው አለ በሆዱ። ሦስት ዓመት ሙሉ በጌታው ስም የጻፈው ሊወጣበት ነው፤ የተቀማው መሬት፣ የተበላው ፍርድ። ደሙ ፈላ። ግን እጇን አሰበ። «እሺ» አለና የቅርቡን መስታወት በጨርቅ ጠቅልሎ የደረት ኪሱ ውስጥ አስገባ። በሆዱ ደግሞ፣ ቆይ ብቻ፣ እሷን ላውጣ አለ።

አዳራሹ ሰፊና ቀዝቃዛ ነበር። አገረ ገዥው ጀርባው ረጅም በሆነ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ግራ ዐይናቸው ነጭ፣ ቀኙ የጠራና የትም የማያርፍ። መነጽር ሠሪው ተንበርክኮ መስታወቱን በቀኝ ዐይናቸው ላይ አደረገና ማሰሪያውን ከጆሯቸው ኋላ ቋጠረ።

ዐይኑ አረፈ።

ጌታው አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩና «እዚያ ማዶ አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች» አሉ። «አንደኛው ሸሚዝ እጅጌ የለውም።» አጭር ሳቅ ሳቁ። በአዳራሹ ያለውን አንድ በአንድ አዩት፤ መሬቱን፣ በሩን፣ ዘበኛውን፣ በመጨረሻም ባለ ማኅተሙን።

«አርጅተሃል» አሉት።

«አዎን ጌታዬ።»

«ማንበብስ?» አሉ ወደ መነጽር ሠሪው ተመልሰው። «ወረቀት ማንበብ?»

መነጽር ሠሪው መሬት መሬቱን አየ። «ለዚያ የሚሆን መስታወት የለም ጌታዬ።»

ጌታው ወደ ዘበኛው ዞሩ። «እንግዲያው ሴትዮዋን አምጡልኝ።»

ባለ መርፌዋ ገባች። የእጅ አንጓዋ ገመድ በነካው ቦታ ቀልቷል፤ ልብሷ ላይ የኮርቻ ጠጉር ተጣብቋል። ወንድምየው ሮጦ ቀኝ እጇን ያዘ። ነፍሱ የተመለሰችው ያኔ ነው፤ ሰው አለ የለም ሳይል የጣቶቿን ጫፍ አንድ በአንድ እየነካ ቆጠረ። እሷ እንደ ልጅነቱ «በቃ፣ በቃ» አለችው።

አገረ ገዥው ይህን ሁሉ በአዲሱ ዐይናቸው ያያሉ።

«ሁለት እጅ አላት» አሉ ቀስ ብለው።

«የማታው ከበሮ ገና ነው ጌታዬ» አለ ባለ ማኅተሙ ቶሎ ብሎ።

«የምን ከበሮ?»

መነጽር ሠሪው ይህን ሰምቷል፤ ግን ደስታ ጆሮ ይደፍናል። ባለ መርፌዋ ደግሞ የጌቶች ነገር አይገባትም። የእሷ ነገር በሽተኛዋ ነው፤ ሄዳ ጌታው ፊት ቆማ ሳታስፈቅድ የዐይናቸውን ቆብ ከፍ አድርጋ አየች። ሠላሳ ዓመት ይህን ስትሠራ የምትጠይቀውን ቃል ቀይራ አታውቅም፤ ለገበሬውም ለገዥውም ያው ነው።

«ስንት ጣት ነው?»

«ሦስት።»

«ማዶው ይታያል?»

«ይታያል።»

ከጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አንስታ በክንድ ርቀት ያዘችላቸው። «ይህስ?»

«ጭጋግ ነው።»

ወደ ወንድሟ ተመልሳ እጁን ያዘች። «የቅርቡን አውጣላቸው እንጂ፤ ምን ትጠብቃለህ?»

ምን ታውቃለች፤ ተቆልፎባት ነው የዋለችው። መነጽር ሠሪው ባለ ማኅተሙን አየው። ሰውዬው ‹አታውጣ› በሚል ራሱን በጣም በትንሹ ነቀነቀ። ዛቻ አልነበረበትም፤ ልመና ነበር። እንዲያውም ልመናው ነው መነጽር ሠሪውን ያጀገነው። ከተማውን ሁሉ ያንቀጠቀጠ ሰው ለእሱ፣ ለአሸዋና ለሞረድ ሰው ሲለምን አየ። እህቱ እዚህ ናት፤ እጇ በእጁ ውስጥ ነው። ከእንግዲህ ማን ይነካናል አለ።

የደረት ኪሱን ከፈተ።

«ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ» አለ። «ዋሽቼ ነው። ይህ የንባቡ ነው። እንዳልሰጥዎ ያስፈራራኝ ሰው ነበር።» የሰውዬውን ስም አልጠራም፤ ግን ፊቱን ወደዚያ አዞረ፣ ያ ይበቃል።

አገረ ገዥው አልተገረሙም። መስታወቱን ራሳቸው ተቀብለው በሩቁ መስታወት ቦታ አደረጉትና ለዘበኛው እጃቸውን ዘረጉ።

«ስለዚህች ሴት ዛሬ ጠዋት የታተመውን ወረቀት ስጠኝ።»

ዘበኛው ከመታጠቂያው አውጥቶ ሰጠ። ጌታው ወረቀቱን ወደ ፊታቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ ቦታውን አገኙት። ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ አነበቡ። አንድ ጊዜ ጨርሰው እንደገና ከላይ ጀመሩ። ቀና ሲሉ ድምፃቸው የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«እኔ ያልኩህ ‹እጇ አሁኑኑ ይቆረጥ› ነበር። እዚህ የተጻፈው ‹እስከ ማታው ከበሮ ትቆይ፤ ወንድሟም ይፈለግ› ነው።»

«አዎን ጌታዬ» አሉ ባለ ማኅተሙ። እንደ ከተማው ሰው እስካሁን አንተ ስንላቸው የመጣነውን ሰው፣ ከዚህ በኋላ አንተ ለማለት አፍ ያጥራል። «እንደዚያ ብዬ ጻፍኩ።»

መነጽር ሠሪው የያዛትን እጅ ቁልቁል አየ። ያቺ እጅ፣ አሁን በእጁ ውስጥ የምትሞቀው፣ ጠዋት ተቆርጣ ልትወድቅ የነበረች እጅ ናት። ያቆያት ይህ ሰው ነው። ለእህትህ ስትል ስማኝ ያለው እኮ ይህ ሰው ነው።

«ይህን ብቻ ነው እንዲህ የጻፍከው?» አሉ ጌታው።

«አይደለም ጌታዬ። ሦስት ዓመት ሙሉ ነው።»

«ይሰቀል ያልኩትን?»

«ከአገር ይውጣ ብዬ ጻፍኩ። አንዳንዱን ይቅር ተብሏል ብዬ።»

«የት ነው ያሉት?»

«አላውቅም ጌታዬ።»

«ግልባጩ ያውቃል» አሉ አገረ ገዥው። ለዘበኛው ምልክት ሰጡ። «ከዚያ ክፍል ያለውን ወረቀት ሁሉ አምጡልኝ። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሩ።»

ባለ ማኅተሙ ጠፍሩን ከአንገታቸው አውልቀው ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። በመነጽር ሠሪው አጠገብ ሲያልፉ ቀና ብለው አላዩትም፤ ቢያዩት ይሻለው ነበር፤ ቢሰድቡት ደግሞ የበለጠ።

የመጀመሪያው እቅፍ ወረቀት መጣ። ጌታው ላዩ ላይ ያለውን አንስተው ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር አስኬዱ፤ የአንድ ሰው ስም ጮክ ብለው አነበቡና ለዘበኞቹ «ይህን ፈልጉ» አሉ። ሁለተኛውን አነሱ። ከስድስተኛው በኋላ ትንሽ አረፉና መስታወቱን አውልቀው በልብሳቸው ጫፍ ወለወሉት። ያኔ ነው መነጽር ሠሪው ገና እዚያ መቆሙን ያስተዋሉት።

«ሥራህ ግሩም ነው» አሉት በደግ ድምፅ። «አንድ ሌላ እንዲሁ ያለ ሞርድልኝ። ይህ ቢሰበር ሥራ ይፈታል።»

«እሺ ጌታዬ» አለ መነጽር ሠሪው።

እህቱ እጁን ለቀቀችው።